ከኮርኒሱ የመጣ ትንፋሽ

ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያለ ነገር አይደለም፤ ከዚህ በታች የምለውን ያነበበ ሰው ትዳራችንን እንዳይጠራጠርብኝ ብዬ ነው። ጥሩ ሰው ነው፣ ግን የድምፅ ነገር ሲነሳ ያብዳል። ሚኒሶታ፣ ሪችፊልድ ያለችው ቤታችን ሳሎኗ ሁለት ሶፋና አንድ ጠረጴዛ ከገባባት በኋላ ሰው በጎኑ ዞሮ ነው የሚያልፍባት። እሱ እዚያች ሳሎን ውስጥ ወገቤ ድረስ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች ገትሮብኝ ነበር። ሌክ ስትሪት አካባቢ ዕቃውን ሸጦ ወደ ሌላ ስቴት ከሚሄድ ሰው ገዝቶ ያመጣቸው ዕለት፣ ወንድ ልጅ የተወለደለት ይመስል ፊቱ በርቶ ነበር።

"ድምፅ ድምፅ ነው" እለዋለሁ። "ስልክህም ላይ ያው መዝሙር ነው፣ እዚህም ያው መዝሙር ነው።"

"አይደለም" ይለኛል። "በስልክ ቃሉን ብቻ ነው የምትሰሚው። በጥሩ ስፒከር ዘማሪው ትንፋሽ ሲስብ ራሱ ይሰማሻል።"

"የሰው ትንፋሽ ምን ያደርግልኛል?"

እኔም አሸነፍኩ ብዬ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

ጠቡ የሚብሰው የቤት ለቤት ጸሎት ተራ ሲደርሰኝ ነው። ከቤተ ክርስቲያን አሥራ አምስት ሰው ይመጣል፤ ስድስቱ ሶፋ ላይ፣ ሌላው ወለል ላይ። አንዴ አንዲት እህት ቦታ አጥታ ስፒከሩ ላይ ቁጭ ስትልበት ባለቤቴን በቆመበት ላብ አጠመቀው። በሰላሙ ጸሎት መሀል እሱ ዓይኑን ገልጦ እሷን ነበር የሚጠብቀው። ያን ቀን እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ቁርጡን ነገርኩት፦ "ወይ እኔ ወይ እነሱ።" አልመለሰልኝም። እሱ ሲጮህ ሳይሆን ዝም ሲል ነው መፍራት፤ በሃያ ዓመት ትዳር ይህን መማር ነበረብኝ።

ለካስ እያሰበ ኖሯል። ትልልቆቹን አውጥቶ ኮርኒሱ ውስጥ የሚቀበሩ፣ ከታች ሆኖ ለሚያየው ክብ ነጭ ወንፊት ብቻ የሚመስሉ ሁለት ጥሩ ስፒከሮች ለመግጠም ወስኗል። ቀጣዩ ተራዬ ነሐሴ ውስጥ ነበርና፣ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ሳልሰማ ሠርቶ ሰርፕራይዝ ሊያደርገኝ ከሁለት ሰዎች ጋር ተመካከረ። እግዜር ይይለት፣ ከዓመቱ ቀን ሁሉ የመረጠው ያንን ቅዳሜ ነው።

ምክንያቱም በዚያ ሳምንት እኔ ሰው አልነበርኩም። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ ሐሙስ ቀን ልቡን ኦፕሬሽን ተደርጓል። እናታችን ሥራ ስትሄድ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ ነው። ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ፣ ጢሙ ሸብቶ እንኳ ለእኔ ማሙሽ ነው። ሐሙስ ስደውል ሚስቱ አነሳች፦ "በደህና ወጥቷል፣ ተኝቷል።" ዓርብ ደወልኩ፦ "ደህና ነው፣ ተኝቷል።" ሁለት ቀን ሙሉ የሚተኛ ምን ዓይነት ደህና ነው? ከእሱ ጋር እንዲያገናኙኝ ብለምን "ሐኪሞቹ አታናግሩት ብለዋል" አሉኝ።

እኔ ደግሞ "ደህና ነው" የሚባለውን ነገር አውቀዋለሁ። ከአራት ዓመት በፊት እናቴን "ትንሽ አሟታል" ሲሉኝ ሁለት ቀን ቆዩ። በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ማለዳ፣ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አምስት ሰዎች ቆመዋል። ከፊት የቆሙት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውን የማያውቅ የእኛ ሰው እዚህ ከተማ የለም። ረጋ ያሉ፣ በጋ ክረምት ኮት የማይለያቸው፣ ድሮ አገር ቤት ሬዲዮ ይጠግኑ የነበሩ ጋሼ ናቸው። ሰው መርዶ ሲመጣበት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። መቼም ወጋችን ነው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሰው ተሰብስቦ ማልዶ ይሄዳል፣ ባለቤቱ ይቀመጣል፣ ከዚያ ይነገረዋል። እኔን "ተቀመጪ ልጄ" ያሉኝ እሳቸው ነበሩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ከተማው ሁሉ ሲያውቅ እኔ ቅዳሜ ማታ ፀጉሬን እሠራ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ። ዓርብ ማታ ከምሠራበት የአረጋውያን ነርሲንግ ሆም ከሁለተኛው ሺፍት ዘግይቼ ገባሁና ተኛሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነቃሁ። አዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ ነውና ልደውል እጄን ወደ ኮመዲኖው ስዘረጋ ቻርጀሩ አለ፣ ስልኩ የለም። ባለቤቴም አጠገቤ የለም። ከሳሎን የወንዶች ሹክሹክታ ይሰማል።

ስልክ ተደብቋል፤ ወንዶች ይንሾካሾካሉ፤ ገና በማለዳ።

በሌሊት ልብሴ ወጣሁ። ሳሎኔ ባዶ ነው! ጠረጴዛው የለም፣ ትልልቆቹ ስፒከሮች የሉም፣ ሶፋዎቹ ግድግዳ ተጠግተዋል፣ ወለሉ ላይ አንሶላ ተነጥፏል፣ ቴሌቪዥኑ በጨርቅ ተሸፍኗል። ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚዘጋጅ ለእኔ የሚነግረኝ የለም። በሩ አጠገብ ሦስት ጥንድ ጫማ ተሰልፏል። ከኮሪደሩ ጥግ ደግሞ የባለቤቴ የልብ ጓደኛ፣ አፕል ቫሊ የሚኖረው ኤሌክትሪሻን፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሶፋው ላይ ኮታቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ማን ቢቀመጡ ጥሩ ነው? ጋሼ።

አዩኝና ደነገጡ። ከዚያ በዚያው ረጋ ባለ ድምፃቸው፣ "ተቀመጪ ልጄ" አሉኝ።

ኋላ እንደነገሩኝ፣ ያንን ያሉት ከእግሬ ሥር ሽቦ ተዘርግቶ ስለነበር እንዳይጠልፈኝ ፈርተው ነው። እኔ ሽቦ አላየሁም።

"ወንድሜን! ወይኔ ወንድሜን! ማሙሽዬን!"

እንዴት እንደጮህኩ አልነግራችሁም፤ ማዶ ያለው ጎረቤታችን ውሻውን ይዞ በረንዳው ላይ ወጣ፣ ይበቃል። የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ኤሌክትሪሻኑ ወንድሜ መታመሙን ያውቃል። መኝታ ቤት ሆኜ በስልክ የሰማሁ መሰለው። "ወይኔ!" አለና ራሱን ይዞ እንባውን ዘረገፈው። ጋሼም እንደሱ መሰላቸው፤ ተነሥተው ትከሻዬን ያዙና "እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ" አሉኝ። እሳቸው አያለቅሱም። በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ሁሉ ለቅሶ ቤት፣ ጋሼ ሲያለቅሱ ያየ ሰው የለም። ያጽናሽ አሉኝ፣ በቃ፣ ለእኔ ነገሩ አለቀ። መሬት ላይ ተዘረጋሁ።

ባለቤቴ በዚያን ሰዓት በኮርኒሱና በጣሪያው መሀል ባለው አቲክ ውስጥ ነበር፤ ሙቀቱ ሳይመጣ ሽቦ ለመሳብ ነው ሁሉም ማልደው የመጡት። ጩኸቴን ሲሰማ ደንግጦ ሊሮጥ ተነሣ። አቲክ ውስጥ እንጨቱን እንጂ ኮርኒሱን አይረግጡም፤ ሌላውን ሁሉ ሲያስጠነቅቅ የኖረው እሱ ነው። ግው! የሚል ድምፅ፣ ነጭ አቧራ፣ ከዚያ ከሶፋው በላይ አንድ እግር እስከ ጉልበቱ ብቅ አለ። ካልሲው ተረከዙ ላይ የተቀደደ ነበር። እግሩ ይወራጫል፣ ከላይ ደግሞ "ምን ሆነች? ወንድሟ ነው? ወይኔ! ወይኔ!" እያለ እሱም ያለቅሳል።

ልጃችን ከክፍሏ ወጣች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ሚኒሶታ ነው የተወለደችው። እኔን መሬት ላይ አየች፣ የሚያለቅሰውን ሰውዬ አየች፣ ጋሼን አየች፣ ከኮርኒሱ የተንጠለጠለውን የአባቷን እግር አየች።

"ማሚ፣ ሁ ዳይድ?" አለች።

ማን ሞተ። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የእኛ ሰው የለም። የእኛ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ማን እንደሞተ ቀስ ብሎ ይደርስበታል። እንባዬን ሳልጠርግ ጋሼን አየኋቸው። ጋሼ ኤሌክትሪሻኑን አዩ። ኤሌክትሪሻኑ እኔን አየኝ።

"እናንተ አይደላችሁም እንዴ ልታረዱኝ የመጣችሁት?" አልኩ።

"እኛ?" አለ ኤሌክትሪሻኑ አፍንጫውን እየጠረገ። "እኛ እኮ ስፒከር ልንገጥም ነው የመጣነው።"

ከዚያ ሳቅ ነው ለቅሶ ነው የማይባል ነገር ከሆዴ ወጣ። ብድግ አልኩና በሩ አጠገብ ካለው ጫማ አንዱን አንስቼ ያንን የተንጠለጠለ እግር ደህና አድርጌ ጠፈጠፍኩት። "አንተ ሰውዬ! ሰርፕራይዝ? በዚህ ሳምንት ሰርፕራይዝ? ስልኬንስ ምን ልታደርገው ወሰድከው?"

"ከአምፕሊፋየሩ ጋር ኮኔክት ላደርገው..." አለ ከላይ። "እንድትተኚ ብዬ ነው ቀስ ያልነው። እግሬን ተዪኝ እባክሽ።"

ልጄ "ዩ ጋይዝ አር ክሬዚ" ብላ በሯን ዘግታ ገባች። እውነቷን ነው፤ አብደናል።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየልኝም። ሲበርድልኝ አንድ ነገር ጎኔን ወጋኝ። እነዚህ ሰዎች አላረዱኝም ማለት ወንድሜ ደህና ነው ማለት ነው እንዴ? ስልኬን ተቀብዬ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። የሚስቱ ስልክ ተዘግቷል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለው ተረት ራሴ ውስጥ ይዞርብኝ ጀመር።

"ጋሼ፣ የሰሙት ነገር ካለ ይንገሩኝ" አልኩ።

"ብሰማ አልደብቅሽም ልጄ።"

"ባለፈውስ?"

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። "ባለፈው ደብቄሻለሁ" አሉ። "ቅዳሜ ነው የሰማሁት። አንድ ሌሊት ተኝታ ትደር ብዬ ለእሑድ አደረግሁት። ልክ ልሁን ልሳሳት እስከ ዛሬ አላውቅም። ዛሬ ግን በጆሮዬ የገባ ነገር የለም።"

ግማሹን አመንኳቸው። ግማሹን አላመንኩም። ይህን ሳይገባቸው አልቀረም፤ "ነይ፣ እጅሽ ሥራ ይፈልጋል" ብለው አስነሡኝ።

እንግዲህ ያን ጠዋት ኮርኒስ እንዴት እንደሚበሳ ተማርኩ። ከስፒከሮቹ ጋር ክብ ተቆርጦ የወጣ ካርቶን አለ፤ እሱን ኮርኒሱ ላይ አስጠግቼ ስይዝለት ኤሌክትሪሻኑ በእርሳስ ዞረው። ከመቁረጡ በፊት በጣቱ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ያዳምጣል፤ ድፍን የሚል ድምፅ ከሰጠ እንጨት አለ፣ ፈቀቅ ይላል። ከዚያ በቀጭን የእጅ መጋዝ ቀስ ብሎ ሲቆርጥ እኔ ከሥር ቫኪዩም ይዤ አቧራውን እቀበላለሁ። ባለቤቴ ከላይ ሽቦውን በቀዳዳው ይለቅቃል፤ ፊቱ ላብ በላብ፣ ቅንድቡ ላይ የአቲኩ ጥጥ ተለጥፎበታል፣ ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን መገናኘት አይፈልግም። እኔ በየመሀሉ እደውላለሁ። ይጠራል። አይነሳም።

"የት ነው የምትቀመጪው?" አሉኝ ጋሼ።

"እኔ?"

"አዎ አንቺ። እንግዳ ሳይኖር የትኛው ቦታ ነው ያንቺ?"

ለኩሽናው የቀረበውን የሶፋ ጫፍ አሳየኋቸው። ወንፊቱ ሳይገጠም ስፒከሩ መሀል ላይ ያለችውን ትንሽ ክብ ነገር በአውራ ጣታቸው ገፋ አድርገው ወደዚያ አዞሯት። ቀጭኑ ድምፅ የሚወጣው በእሷ ነው አሉ። ባለቤቴን ዞር ብዬ አየሁት። "መጀመሪያም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት" አለ፣ ቀስ ብሎ። ያን ጊዜ ቁጣዬ ትንሽ ሟሸሸ፤ ትንሽ ነው ያልኩት።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ሁለቱም ተገጥመዋል። ቀና ብለህ ካላየህ መኖራቸውንም አታውቅም። ከሶፋው በላይ ያለው የእግር ቀዳዳ ግን ይታያል፤ እሱን በካርቶን ሸፈኑት። ባለቤቴ ስልኬን ከአምፕሊፋየሩ ጋር ያለ ሽቦ፣ በብሉቱዝ፣ አገናኘና "ምን ልክፈትልሽ?" አለኝ።

"ምንም አትክፈት።"

ሁሉም ቆመ። ኤሌክትሪሻኑ መጋዙን ይጠርጋል፣ ጋሼ መሬቱን ያያሉ። እኔ በልቤ ጌታዬ ሆይ አንድ ቃል፣ አንድ ቃል ብቻ እያልኩ ነው።

ያኔ ከኮርኒሱ ድንገት "ድንግ" የሚል ድምፅ ወረደ። አራታችንም ቀና አልን። የመልእክት ድምፅ ነው። ስልኩን ከባለቤቴ እጅ ነጠቅሁት። ከወንድሜ ስልክ የተላከ የድምፅ መልእክት። ከእሱ ስልክ ነው፤ ግን ስልክ ማንም ሊይዘው ይችላል። ነካሁት።

መጀመሪያ ቃል የለም። የብረት አልጋ ሲጥጥ አለ። ራቅ ብሎ ጎማ ያለው ነገር ወለል ላይ ተንከባለለ። ከዚያ ትንፋሽ። ሰው ዝግ ብሎ፣ እያመመው፣ አየር ሳበ። ከላዬ ነበር፣ እዚያው ሳሎኔ ውስጥ፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው።

"እትዬ" አለ።

ከእሱ በቀር ማንም እንደዚያ አይጠራኝም።

"እትዬ... ምን ሆነሻል? ሃያ ሦስት ጊዜ ይደወላል እንዴ?" ትንፋሽ። "ስልኬ ነርሷ ጋ ነበር፣ አሁን ነው የሰጠችኝ። ሚስቴ ሾርባ ልታመጣ ሄዳለች፣ የእሷም ባትሪ አልቋል።" ትንፋሽ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ተያዘ፣ ከዚያ ወጣ። "ደረቴን ነው የሰፉት፣ አፌን አልሰፉትም፣ ግን ብዙ አታውራ ብለውኛል። አለሁልሽ። አታልቅሺ፣ እሺ? አውቅሻለሁ፣ እያለቀስሽ ነው።"

ደግሞ አንድ ትንፋሽ፣ ከዚያ ቀጥ።

አልጮህኩም። ቦታዬ ላይ፣ ለኩሽናው የቀረበው ጫፍ ላይ፣ ቁጭ አልኩ። ሰውነቴ ሁሉ ለቀቀኝ፤ የሳምንቱን እንቅልፍ በአንዴ የተኛሁ ያህል ነው። ተመስገን፣ ተመስገን አልኩ። ኤሌክትሪሻኑ እንደገና አለቀሰ፤ እሱማ ለሁሉም ነገር ያለቅሳል። ጋሼን ቀና ብዬ ሳይ መነጽራቸው እጃቸው ላይ ነው፣ እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል፣ ሊጠርጉትም አልሞከሩ።

ፍርፍር ሠርቼ አበላኋቸው። በር ላይ ጫማቸውን እያደረጉ ጋሼ እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ እኔ እኮ በጠዋት የሰው በር ማንኳኳት ፈርቻለሁ። ልጆች እንኳ ሲያዩኝ ይሸሻሉ። ዛሬ ግን አስለቅሼሽ ገባሁ፣ አስቄሽ ወጣሁ። ተመስገን ነው።" ከዚያ ወዲህ ሲመጡ ከመንገድ ጀምረው "ሰላም ነው! ሰላም ነው!" እያሉ ነው የሚገቡት።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ቀዳዳውን ሲጠግን መሰላሉን ያዝኩለት። "ስማ" አልኩት። "አንድ ቀን እውነተኛው ቢመጣ፣ ሰው አትሰብስብብኝ። አንተው ራስህ ንገረኝ።"

እጁን ከቀዳዳው አወረደ። "ብቻዬን አልችልም" አለኝ።

ምን ይባላል? ተጣልቼ ተጣልቼ ያገባሁት ሰው እሱ ነው። "እሺ፣ ጋሼን ይዘህ ና" አልኩት።

እሱ እጁን ሊታጠብ ሲሄድ ብቻዬን ቀረሁ። መልእክቱን እስከዚያ ሰዓት አምስቴ ሰምቼዋለሁ፤ ቃሉን በቃሌ ይዤዋለሁ። ስልኬን አነሣሁና ደግሜ ነካሁት። ባለቤቴ እጁን እያደራረቀ ከኮሪደሩ ብቅ አለ፤ ሊናገር አፉን ከፈተ።

"ዝም በል" አልኩት። "ትንፋሹን ልስማበት።"